«ውሉ ተፈርሟል፣ ዝርዝሩን ላኪ» ተባልኩ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

የሕፃናትና የእናቶች ዕቃዎችን በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የደንበኞችን መዝገብ መያዝ ነው። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ማን ምን እንደገዛና መቼ እንደገዛ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። በመዝገቡ መጨረሻ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ አለ። ደንበኞች ዕቃ ሲያዙ የሚጽፉልን ነው፤ አብዛኛው «በሩን አታንኳኩ፣ ሕፃኑ ይተኛል» ዓይነት ነው።

ሰሞኑን ድርጅታችን የጤና መድን ከሚሸጥ ድርጅት ጋር በአጋርነት ለመሥራት ተስማማ። እነርሱ ለደንበኞቻችን መድን ይሸጣሉ፣ ለእኛ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይከፍላሉ። ሥራ አስኪያጄ የ18,000 ደንበኞችን ሙሉ መዝገብ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድልክላቸው አዞኛል። «ይህ ይፈቀዳል ወይ?» ብዬ ስጠይቀው «የምስጢር ጥበቃ ውል ተፈራርመናል፣ አታስቢ» አለኝ። የ200 ሰዎችን ረድፍ ለናሙና ተብሎ ባለፈው ሳምንት በኢሜይል ልኬላቸዋለሁ።

«ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከላክሁ በኋላ ነው። አንዷ ደንበኛ «እሽጉ ላይ የዕቃው ስም እንዳይጻፍ፣ ቤተሰቦቼ ገና አላወቁም» ብላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

ሥራ አስኪያጄ ክፉ ሰው አይደለም። እናቴ በታመመች ጊዜ ሁለት ወር ከቤት ሆኜ እንድሠራ ፈቅዶልኛል። ይህ ስምምነት ካልተሳካ ሠራተኛ ለመቀነስ እንደሚገደድም ነግሮናል። እኔም ስቀጠር የምስጢር ጥበቃ ውል ፈርሜአለሁ፤ ይህን ለእርስዎ መጻፌ ራሱ ጥፋት ይሆን ወይ ብዬ ፈርቻለሁ። ልላከው ወይስ እምቢ ልበል?

ስሜ ይቆይ

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጨረሻ ላይ ከጻፍሽው ፍርሃት ልጀምር፤ እርሱን ይዘሽ ሌላውን ለማሰብ ይከብድሻልና። ደብዳቤሽ የድርጅትሽንም፣ የአጋሩንም፣ የአንድም ደንበኛ ስም አልያዘም። አንቺን ሊያስለዩ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችንም እኔ ለውጫለሁ። ምክር መጠየቅና ምስጢር ማውጣት የተለያዩ ናቸው። የሥራ ምስጢር ጥበቃ ውል ሠራተኛው የራሱን ጠበቃ እንዳያማክር ወይም ሕገ ወጥ የመሰለውን ነገር ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዳያመለክት ለማገድ ታስቦ የሚጻፍ አይደለም። ብዙ አገሮችም ይህን በሕግ ደንግገዋል። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቆማ የሚያቀርቡ ሠራተኞችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ የፈረምሽው ወረቀት አፍሽን ሙሉ በሙሉ እንደዘጋው አድርገሽ አትቁጠሪ።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳሽ የሕጉ ነገር አይመስለኝም። ያቺ «ቤተሰቦቼ ገና አላወቁም» ያለች ሴት ናት። አንቺ አታውቂያትም፣ እርሷም አታውቅሽም፤ ነገር ግን ለቅርብ ሰዎቿ ያልነገረችውን ለእናንተ ጽፋለች። ይህ በአማርኛ ስም አለው፤ አደራ ይባላል። ሥራ አስኪያጅሽ «ውል ተፈራርመናል» ሲል የተናገረው በሁለት ድርጅቶች መካከል ስላለ ነገር ነው። አደራውን የሰጡት 18,000 ሰዎች ግን በዚያ ወረቀት ላይ አንድም ፊርማ የላቸውም።

ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጅሽም ከእነርሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የምስጢር ጥበቃ ውል ተቀባዩ የተቀበለውን ለሌላ እንዳያወጣ ያስረዋል። ሰጪው ግን መጀመሪያውኑ ያንን ነገር የመስጠት መብት ይኑረው አይኑረው ውሉ አይነካውም። የሌላ ሰው ገንዘብ በእጄ ቢኖርና ለአንድ ታማኝ ሰው «ለማንም አትስጥ» ብዬ አስፈርሜ ባስረክበው፣ ፊርማው ገንዘቡን የእኔ አያደርገውም። የጎደለው የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ የቱንም ያህል ጥብቅ ውል ቢጻፍ ያንን ጉድለት አይሞላውም።

ከቻልሽ ውሉን ራሱን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ስታነቢው ጥቂት ቦታዎች ላይ ቆም በይ። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የሚሉት የተለመዱ ናቸው። የዋጋ ዝርዝር ወይም የሽያጭ ዕቅድ በአምስት ዓመት ያረጃል። የሰው የትውልድ ቀን ግን አያረጅም። ተቀባዩ መረጃውን ለሠራተኞቹ፣ ለአማካሪዎቹና ለእህት ድርጅቶቹ እንዲያካፍል የሚፈቅድ አንቀጽም አይጠፋም፤ ያ አንቀጽ እስከ የት እንደሚደርስ እይ። ከዚያም ውሉ ቢጣስ ማን ማንን እንደሚከስ ተመልከቺ። ድርጅትሽ አጋሩን ሊከስ ይችላል። የተጎዳችው ደንበኛ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የላትም፤ መኖሩንም አታውቅም።

የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ዓለም ሁሉ ያየው ታሪክ አለ። አንድ ተመራማሪ በፌስቡክ ላይ የስብዕና መጠይቅ ያለው መተግበሪያ አዘጋጀ። መጠይቁን የሞሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መተግበሪያው ግን የጓደኞቻቸውንም መረጃ ሰበሰበ። ፌስቡክ በኋላ እንዳመነው እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ ድርጅት ሳይተላለፍ አልቀረም። ይህ የፌስቡክን ደንብ የሚጥስ ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ነገሩን ሲያውቅ መረጃው እንዲጠፋ ጠየቀ፤ «አጥፍተናል» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫም ተቀበለ። በ2018 ጋዜጦች ሁሉም እንዳልጠፋ አጋለጡ። በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከግላዊነት ጥሰት ጋር በተያያዘ በፌስቡክ ላይ የ5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ደንብም ነበረ፣ ፊርማም ነበረ፣ ማረጋገጫም ነበረ። መረጃው ግን አንዴ ከእጅ ወጥቶ ነበር።

አጋራችሁ ተንኮለኛ ነው ማለቴ አይደለም። ቅን አጋርም በር ሊሆን ይችላል። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የ40 ሚሊዮን ያህል የክፍያ ካርዶች መረጃ ሲሰረቅበት፣ ሌቦቹ የገቡት ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ከነበረ ተቋራጭ በሰረቁት የይለፍ ቃል ነበር። ተቋራጩ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም።

እንግዲህ ማንኛውም መረጃ ለውጭ ሰው አይሰጥም ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲህ ብልሽ ሥራሽን የማይሠራ አደርገዋለሁ። ዕቃውን የሚያደርሰው ድርጅት ስም፣ ስልክና አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ደንበኛዋም ይህን ትጠብቃለች። መለያው ጥያቄ ይህ ነው፦ አጋሩ መረጃውን የሚጠቀምበት የእናንተን ሥራ ለመሥራት ነው ወይስ የራሱን? እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ሕጋቸውን ሲያወጡ የተመለከቱት ነው፤ ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀምጣል። የእናንተን ሥራ የሚሠራ ድርጅት መረጃውን የሚነካው በጽሑፍ በሰጣችሁት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለሌላ ንዑስ ተቋራጭ አያስተላልፍም፤ ሥራው ሲያልቅም ያጠፋል ወይም ይመልሳል። ለዚህ ራሱን የቻለ የመረጃ አያያዝ ውል ያስፈልጋል፤ የምስጢር ጥበቃ ውል አይተካውም። በእናንተ ጉዳይ ግን አጋሩ የራሱን መድን ለደንበኞቻችሁ ሊሸጥ ነው። ያን ጊዜ መነሻው የሰዎቹ ፈቃድ መሆን አለበት፤ ዕቃ ሲያዙ ያልሰሙትን ነገር አሁን ሊሰሙና «እሺ» ወይም «አይሆንም» ሊሉ ይገባል።

ደግሞም አጋሩ ማን እንደሆነ አስቢ። ይህ መዝገብ ለአሻንጉሊት ሻጭ የገዢዎች ዝርዝር ነው። ለጤና መድን ሻጭ ግን ማን እንዳረገዘ፣ ማን በቅርቡ እንደወለደ፣ ማን ለታመመ ሕፃን የሚሆን ዕቃ እንደገዛ የሚናገር ሰነድ ነው። ከዚህ ተነስቶ ማንን በምን ዋጋ እንደሚቀበል መወሰን ለሚችል ድርጅት ነው የምትልኪው። የአውሮፓው ደንብ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ዓይነቶች መካከል ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት አንባቢ ጽፋልኝ ነበር። ጽንሷ ከወረደ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የማታውቀው ድርጅት ደውሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አላት። ስልኳን ከማን እንዳገኘ ስትጠይቀው «ከአጋሮቻችን» ብቻ አለ። ያንን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ስማቸውን አጥፍቼ ብልከውስ?» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት የፖስታ አካባቢ ቁጥር፣ ሙሉ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ አንድ ላይ ሲሆኑ ከአሜሪካ ነዋሪዎች 87 በመቶውን ለይተው ማሳየት እንደሚችሉ ገምታለች። የእናንተ መዝገብ ከዚህም በላይ የግዢ ቀንና አድራሻ አለው። ስም የሌለው ረድፍ ሰው የለውም ማለት አይደለም።

ለሥራ አስኪያጅሽ «አይሆንም» ብቻ ይዘሽ አትግቢ። «በዚህ መንገድ ይሆናል» የሚል ይዘሽ ግቢ። መልእክቱን አጋሩ መላኩን ትቶ እናንተው ብትልኩትስ? እናንተ ለደንበኞቻችሁ «እንዲህ ያለ የመድን አገልግሎት ቀርቧል፣ የሚፈልግ ይህን ይጫን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ የሚፈልግ ሰው ራሱ ወደ አጋሩ ይሄዳል፣ የሚሰጠውንም መረጃ ራሱ ይመርጣል። ድርሻችሁም አይቀርም፤ ማን በእናንተ በኩል እንደመጣ በማስፈንጠሪያው መቁጠር ይቻላል። አጋሩ «ገበያው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» ካለም የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ በየአካባቢው ስንት ደንበኛ እንዳለ በድምር ስጡት፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ያሉበትን አካባቢ ግን ከሌላው ጋር አጠቃልሉት። ከዚያም አልፎ ዝርዝር መሰጠት ካለበት፣ ፈቃዳቸውን በግልጽ የሰጡ ሰዎች ብቻ፣ ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉት ዓምዶች ብቻ ይሰጡ። አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት የቀረበ ሳጥን ፈቃድ አይደለም። «ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ደግሞ በምንም መንገድ ከቤት አይውጣ።

አሁን ስለ ሥራ አስኪያጅሽ እናውራ። እናትሽ በታመመች ጊዜ የደረሰልሽን ሰው ማስቀየም እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ልጠይቅሽ፦ የምትፈሪው ቁጣውን ነው ወይስ ውለታ ቢስ መስለሽ መታየትን? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ መልሳቸውም ይለያያል። እኔ እንደማየው ለዚህ ሰው ልትመልሺለት የምትችይው ትልቁ ውለታ ሳያውቅ ወደ ገደል ሲሄድ መንገሩ ነው። በአውሮፓው ደንብ ከባድ ጥሰት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከድርጅቱ ዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊያስቀጣ ይችላል። የእናንተ ድርጅት በየትኛው ሕግ ሥር እንዳለ ጠበቃ ይናገር፤ ነገር ግን ሠራተኛ ላለመቀነስ ብሎ የሚሠራው ነገር ድርጅቱን ራሱን ሊያሳጣው እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል።

በሰው ፊት አታንሺበት። ለብቻው አግኚው፤ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ የቀኑ ጥድፊያ ሳይጀምር። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ይህ ስምምነት እንዲሳካ እፈልጋለሁ፣ የእኔም እንጀራ ነው። ዝርዝሩን ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር ላሳይዎት።» ከዚያ ንግግርሽን አቁሚና ያንን ማስታወሻ አሳዪው፤ ስሟንና አድራሻዋን ሸፍነሽ፣ በዚያው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ። ስለ አንቀጽና ስለ ቅጣት ቀድመሽ አትናገሪ፤ መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ያንብበው። አንቺን ያነቃሽ ያ ማስታወሻ ነውና እርሱንም ሊያነቃው ይችላል። ቀጥለሽ «ደንበኞቻችን ስንመዘግባቸው ይህን ተስማምተው ነበር ወይ? ጠበቃችን አይቶታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ያዘጋጀሽውን ሌላ መንገድም አቅርቢለት።

ስትወጪ የተነጋገራችሁትን በአጭር ኢሜይል ጻፊለት። ክስ አይመስል፤ «ዛሬ እንደተነጋገርነው፣ የጠበቃው አስተያየት እስኪመጣ ዝርዝሩን አቆይቼዋለሁ» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ያ መስመር ለአንቺም ለእርሱም መጠበቂያ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ለማስረጃ ብለሽ መዝገቡን ወደ ግል ኢሜይልሽ ወይም ወደ ቤትሽ ኮምፒውተር እንዳትገለብጪ። ያኔ የደንበኞችን መረጃ ያወጣሽው አንቺ ትሆኛለሽ፣ ትክክል የነበርሽበት ጉዳይም ይገለበጥብሻል። ማን መቼ ምን እንዳለ በራስሽ ቃል፣ የደንበኛ ስም ሳትጠቅሺ፣ በቀን በቀኑ መጻፍ ይበቃል።

ያን ሁሉ ሰምቶ «ዝም ብለሽ ላኪ» ቢልስ? ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽሽም። ያን ጊዜ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ በትሕትና ጠይቂ፤ ብዙ ትእዛዝ በጽሑፍ ሲጠየቅ ይለሳለሳል። ድርጅቱ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ ወይም የሕግ ክፍል ካለው ወደዚያ፣ ከሌለው ከእርሱ በላይ ወዳለው ሂጂ። የራስሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ማማከር ደግሞ አሁኑኑ ይጠቅምሻል፤ የቅጥር ውልሽን ይዘሽ ሂጂ። እንቢ ማለት ሥራሽን ሊያሳጣሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ፤ እኔ በሩቅ ተቀምጬ «ልቀቂው» የምልሽ ሰው አይደለሁም። የምጠይቅሽ ምን ያህል ወር ሥራ ፈትተሽ መቆየት እንደምትችይ፣ በእጅሽ ላይ የሚያድር ሰው ስንት እንደሆነ፣ ይህን ዝርዝር ልከሽ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ሳትተኚ መኖር እንደምትችይ አብረሽ እንድታሰላስይ ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ሁለቱንም ጻፊያቸው።

የቀረው የ200ዎቹ ጉዳይ ነው። በእርሱ ላይ ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ተሳስተሻል፣ ታዘሽ ነው፣ ግን ተልኳል። ራስሽን መውቀሱን ለጊዜው ተይውና ለሥራ አስኪያጅሽ ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ ላይ ንገሪው፤ ሌላ ሰው ቢነግረው ይብሳል። የአውሮፓው ደንብ የመረጃ ጥሰት መድረሱን ድርጅቱ ካወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል እንዲገለጽ ያዛል፤ በሰዎች ላይ አደጋ የማያስከትል መሆኑ ከታመነበት በስተቀር። የእናንተ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ የጠበቃው ፍርድ ነው፤ ጉዳዩ ግን ቸልታ እንደማይወድ ከዚህ ማየት ትችያለሽ። ለአጋሩ በድርጅቱ ስም ደብዳቤ ይጻፍ፦ ናሙናውን ማን ከፈተው፣ ለማን ተላለፈ፣ ከኢሜይል ሳጥን፣ ከወረዱ ፋይሎችና ከመጠባበቂያ ቅጂዎች መጥፋቱን የሚያረጋግጥ በስሙ የሚፈርም ኃላፊ ማን ነው ተብሎ ይጠየቅ። ይህ ማረጋገጫ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከላይ ነግሬሻለሁ፤ ቢሆንም 200 ረድፍ ዛሬ መጥፋቱ 18,000 ረድፍ ከወጣ በኋላ ከመሯሯጥ በብዙ ይቀላል።

ነገ ቢሮ እንደገባሽ ከማንም ጋር ከመነጋገርሽ በፊት የላክሽውን ፋይል ክፈቺና ያቺ ሴት ከ200ዎቹ መካከል መኖር አለመኖሯን እይ። ካለች ለአጋሩ የሚጻፈው ደብዳቤ በዚያው ቀን መውጣት አለበት፤ የእርሷ ረድፍም ስሟ ሳይጠራ በረድፍ ቁጥሩ ብቻ መጀመሪያ ይጠቀስ። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።